የቤርሳቤህ ጋላቢዎች በሙያቸው እግረኛ ነበሩ

በምኖርባት በቤር ሼቫ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ በሚላት ከተማ፣ ኦክቶበር 31 በደረሰ ቁጥር ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ የሚመጡ እንግዶች በጦር መቃብሩ ይሰበሰባሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይኖራል፣ ጡሩንባ ይነፋል፣ ንግግር ይደረጋል። ከንግግሮቹ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917፣ በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበሩ አውስትራሊያውያን ቱርኮች በያዟት በዚህች ከተማ ላይ ያደረጉት ጥቃት «በታሪክ የመጨረሻው ታላቅ የፈረሰኛ ግልቢያ» ነው ይባላል። ይህን ስሰማ ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛ፣ የመጨረሻው አልነበረም። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ የጋለቡት ሰዎች በወታደራዊ ሙያቸው ፈረሰኛ አለመሆናቸው ነው፤ በፈረስ የሚጓዙ እግረኛ ወታደሮች ነበሩ። ይህ ካልተያዘ የዚያን ዕለት ድርጊት ምን ያህል ከተለመደው የወጣ እንደነበረ ለመረዳት ያስቸግራል።

ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዕለቲቱ ግን በእኛ ጥቅምት 21 ቀን 1910፣ ረቡዕ፣ የማርያም ዕለት ነበረች። ሰዓቱን በለመድነው በአገራችን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ላይት ሆርስ የሚባለው የአውስትራሊያ ጦርና የኒው ዚላንድ ባለፈረስ ጠመንጃ ያዦች የተደራጁት በአንድ ሐሳብ ነው። ፈረሱ ወታደሩን በፍጥነት ወደሚዋጋበት ስፍራ ያደርሰዋል፤ ውጊያው ግን በእግር ነው። ወታደሮቹ አራት አራት ሆነው ይመደባሉ። «ውረዱ» ሲባል ሦስቱ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ አራተኛው የአራቱንም ፈረስ ልጓም ይዞ ጥይት ወደማይደርስበት ሸለቆ ወይም ጉብታ ሥር ይመለሳል። እንግዲህ 800 ሰው በፈረስ ቢመጣ፣ መሬት ሲወርድ የሚተኩሰው 600 ብቻ ነው ማለት ነው። ፈረስ ያዡ ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ጓደኞቹ ማፈግፈግ ቢኖርባቸው ሕይወታቸው በእጁ ነው። የጦር መሣሪያቸውም የእግረኛው ነበር፤ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ፣ በደረት የሚታጠቅ የጥይት ዝናርና ሳንጃ። ፈረሰኛ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ጠላቱን የሚመታበት ጎራዴም ሆነ ጦር አልነበራቸውም። በ1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ፈረሶቻቸውን ግብፅ ትተው ምሽግ ውስጥ ለወራት መዋጋታቸው ለሙያቸው እንግዳ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረሶቹ ዌለር ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው ኒው ሳውዝ ዌልስ ከምትባለው የአውስትራሊያ ክፍል ነው። ለውበት ሳይሆን ለጽናት የተመረጡ ነበሩ። ሰውየውን፣ ኮርቻውን፣ ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ የፈረሱን መኖ፣ ብርድ ልብሱንና የውኃ ኮዳውን ደምረን ስናስበው፣ አንድ ፈረስ የሚሸከመው 130 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርስ ነበር። ይህን ጭኖ በረሃ የሚያቋርጥ ፈረስ በሙቀት ጊዜ በቀን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ ይፈልጋል። በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶች ያሉት ጦር ሲሆን፣ ከጠላት ይልቅ የውኃው ነገር የጦር አዛዡን እንቅልፍ ይነሳዋል።

የእንግሊዝ ጦር ከስዊዝ ቦይ ተነሥቶ ሲናይን የተሻገረው የባቡር ሐዲድና የውኃ ቧንቧ እየዘረጋ ነው። የቧንቧው ውኃ ከአባይ ወንዝ የመጣ ነበር። ሐዲዱን ያነጠፉት፣ ቧንቧውን የቀበሩትና ውኃ በግመል የጫኑት በብዛት ግብፃውያን የጉልበት ሠራተኞችና ግመል ነጂዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በውዴታቸው የመጡ አልነበሩም። በየዓመቱ ከሚደረጉት ንግግሮች ውስጥ የእነርሱ ነገር ሲነሣ እስካሁን አልሰማሁም። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ስለ ፈረሶቹ የሚወራ ታሪክ አይኖርም ነበር።

በ1917 ማርች እና ኤፕሪል እንግሊዞች ጋዛን ሁለት ጊዜ አጥቅተው ሁለቱንም ጊዜ አልሆነላቸውም። አዛዡ ተነሡና በጁን ወር ጄኔራል ኤድመንድ አለንቢ ተተኩ። አዲሱ ዕቅድ ጋዛን ፊት ለፊት መምታት ትቶ፣ የቱርክ መከላከያ መሥመር ወደሚያበቃበት ወደ ምሥራቁ ጫፍ ወደ ቤርሳቤህ መዞር ነበር። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ በመካከሉ ውኃ አልነበረም። አጥቂው ጦር ከተማይቱን በዚያኑ ቀን ካልያዘ፣ ጉድጓዶቿንም ሳይፈነዱ ካላገኘ፣ ፈረሶቹን ይዞ ወደ መጣበት ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም። መሐንዲሶች በደቡብ በኩል ኻላሳና አስሉጅ በተባሉ ስፍራዎች የነበሩ የፈራረሱ ጉድጓዶችን ጠርገው ለመነሻ የሚሆን ውኃ አወጡ። ከዚያ በኋላ ፈረሰኛው ኃይል፣ የአውስትራሊያው ሌተና ጄኔራል ሃሪ ሾቬል የሚያዘው ማለት ነው፣ ኦክቶበር 30 ማታ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መንገድ በጨለማ ተጉዞ፣ ሲነጋ ከከተማይቱ ምሥራቅ ተገኘ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚጀመረው ግልቢያው ከተነሣበት ከቀኑ 10:30 ላይ ነው። እኔ ከንጋት ልጀምር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የጄኔራል ፊሊፕ ቼትዉድ እግረኛ ጦር መድፍ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በኩል ያሉትን ምሽጎች መደብደብ ጀመረ፤ እስከ 7 ሰዓት ገደማም ሁለት እንግሊዛውያን ክፍለ ጦሮች የታዘዙትን መሥመር በሙሉ ያዙ። ይህ ሥራ ከ1,000 በላይ ሙትና ቁስለኛ አስከፍሏል። በግልቢያው የሞቱት አውስትራሊያውያን 31 ናቸው። ዝናው ግን በተገላቢጦሽ ነው የተከፋፈለው፤ ቼትዉድ የሚባል ሰው መኖሩን እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቴል ኤል ሳባ የሚባል ኮረብታ ነበር። ዛሬ ቴል ቤር ሼቫ ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ነው፤ በሩ አጠገብም ወደ 70 ሜትር የሚጠልቅ ጥንታዊ ጉድጓድ አለ። እዚያ ወጥቶ የቆመ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኮረብታው ከፍታው ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ዙሪያው ሜዳ በመሆኑ እዚያ ላይ መትረየስ የጠመደ ሰው በምሥራቅ በኩል ወደ ከተማው የሚሄድን ሁሉ ያያል። ከሥሩ ደረቁ ወንዝ ይጠማዘዛል፤ ዳርቻው በጎርፍ ስለተሸረሸረ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢሄድበት ከላይ አይታይም። አፈሩ ዱቄት የሚመስል ደቃቅ ነው፤ በበጋ አንድ መኪና ቢያልፍበት አቧራው ከሩቅ ይታያል። በ1917 ያ ሁሉ ፈረስ ያስነሣውን አቧራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ኮረብታውን የያዙት የኒው ዚላንድ ሰዎች ናቸው፤ የያዙትም በትክክለኛው የሙያቸው መንገድ ነው። በፈረስ እስከሚቻለው ድረስ ቀረቡ፣ በወንዙ ገደል ከለላ ወረዱ፣ ፈረሶቹን ለያዦቹ አስረከቡ፣ ከዚያም አንዱ ሲተኩስ ሌላው እየሮጠ፣ ከአንዱ መከለያ ወደ ሌላው እየተሳቡ ለሰዓታት ተዋጉ። አውስትራሊያውያንም አግዘዋቸዋል። የኦክላንድ ሬጅመንት ሳንጃውን ሰክቶ ኮረብታውን የወጣው 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ለእኔ የባለፈረስ እግረኛ ውጊያ ማለት ይህ ነው፤ አዝጋሚ፣ አድካሚ፣ ለሥዕል የማይመች። ኮረብታው ባይያዝ ኖሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የመጣውን ግልቢያ መትረየሶቹ ከጎን ያጭዱት ነበር።

ችግሩ ሰዓቱ መሄዱ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሾቬል በእጁ ያልተነካ ኃይል የቀረው ሁለት ነበር። አንደኛው ጎራዴ የታጠቀ እውነተኛ ፈረሰኛ የእንግሊዞች ብርጌድ፣ ሁለተኛው ጎራዴ የሌለው የብርጋዴር ጄኔራል ዊሊያም ግራንት 4ኛው የላይት ሆርስ ብርጌድ። ግራንት ለከተማይቱ የቀረበ ነበር። በእግር ተጠግቶ ማጥቃት እስኪጨልም ድረስ ይፈጃል፤ ሲጨልም ደግሞ ቱርኮች ጉድጓዶቹን አፈንድተው ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። ሾቬል ግራንት ቀጥ ብሎ በፈረስ እንዲገባ አዘዘ። ውሳኔው ግን የዕብደት አልነበረም፤ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች በዚያ በኩል ያሉት ምሽጎች እሾሃማ ሽቦ እንደሌላቸውና ለፈረስ ወጥመድ የሚሆን ጉድጓድም እንዳልተቆፈረላቸው አሳይተው ነበር።

10:30 ሲሆን 4ኛውና 12ኛው ሬጅመንቶች፣ 800 ያህል ሰው፣ ከጉብታ ጀርባ ወጥተው ተሰለፉ። ከግቡ የሚለያቸው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በሦስት ረድፍ፣ በሰውና በሰው መካከል አምስት ሜትር ያህል ርቀት ትተው፣ በመጀመሪያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በደንገላሳ፣ በመጨረሻም ሽምጥ ጋለቡ። ጎራዴ ስለሌላቸው ሳንጃቸውን ከጠመንጃው ነጥለው በእጃቸው ያዙ። የሳንጃው ስለት 43 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፈረስ ላይ ሆኖ ምሽግ ውስጥ የተኛን ሰው ለመድረስ የማይበቃ እንደሆነ ለማወቅ የጦር ትምህርት አያስፈልግም። ጥቅሙ ሌላ ነበር፤ በምዕራብ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታችው የሚያብለጨልጭ ብረት የያዘ የፈረስ ግድግዳ ሲመጣ የሚያይ ሰው የሚሰማው ፍርሃት።

ቱርኮች ሲያዩአቸው ምን አሰቡ? ላይት ሆርስን ለሁለት ዓመት ያህል ያውቁታል። ይቀርባል፣ ይወርዳል፣ ይተኩሳል። ስለዚህ ይወርዳሉ ብለው እንደጠበቁ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። አልወረዱም። ከሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የተከፈተው ተኩስ ጉዳት አድርሷል፤ በጎን በኩል ሊያጭዳቸው የጀመረውን መትረየስ ግን የእንግሊዝ ፈረሰኛ መድፍ ፈጥኖ ዝም አሰኘው። ጋላቢዎቹ እየቀረቡ በመጡ ቁጥር ተኩሱ ይበልጥ በጭንቅላታቸው ላይ ማለፍ ጀመረ። በኋላ የተማረኩ ጠመንጃዎች ሲታዩ የብዙዎቹ ማነጣጠሪያ ለሩቅ ርቀት እንደተስተካከለ ቀርቶ ነበር፤ ተኳሾቹ በድንጋጤ ማስተካከል ዘንግተውታል። መድፈኞቹም እንዲሁ ፍጥነቱን ተከትለው ርቀቱን መቀነስ አልቻሉም። በሌላ አነጋገር ግልቢያው የተሳካው ጋላቢዎቹ እግረኛ ስለነበሩ ነው ማለት ይቻላል፤ እውነተኛ ፈረሰኛ ቢሆኑ ኖሮ ጠላት ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ምሽጉ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። በቀኝ የነበረው የ4ኛው ሬጅመንት ብዙው ሰው ምሽጉን ዘሎ ከፈረሱ ወረደና ወደ ለመደው ሥራ ተመለሰ፤ በእግሩ፣ በሳንጃውና በጠመንጃው፣ በጨበጣ። ከ12ኛው ግን ብዙዎች ምሽጉን አልፈው በቀጥታ ወደ ከተማው ገቡ። አብዛኞቹ ጉድጓዶች ሳይፈነዱ ተያዙ። ሁለቱ ሬጅመንቶች ከ700 በላይ ምርኮኛ ወሰዱ፤ ከራሳቸው ወገን 31 ሞቱ፣ 36 ቆሰሉ፤ ቢያንስ 70 ፈረስ አለቀ። ከሞቱት የሚበዙት የወደቁት በግልቢያው መካከል ሳይሆን በምሽጉ ዙሪያ በተደረገው በእግር ውጊያ ላይ ነው።

የከተማይቱ ተከላካዮች ከ4,000 ትንሽ የሚበልጡ ሲሆኑ ከእነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ ከአካባቢው አገሮች የተመለመሉ ዓረቦች ነበሩ። አዛዣቸው ኮሎኔል ኢስመት ቤይ ለጥቂት አመለጡ። እኚህ ሰው ኋላ ኢስመት ኢኖኑ ተብለው ከአታቱርክ ቀጥሎ የቱርክ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸው፤ ከ1938 እስከ 1950 አገሪቱን መርተዋል። ያን ምሽት አንድ ጋላቢ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የቱርክ ታሪክ ምን ይመስል ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ባይኖረውም።

በዚያኑ ዕለት ለንደን ውስጥ የእንግሊዝ ካቢኔ በፍልስጤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ መመሥረትን የሚደግፈውን፣ በኋላ የባልፎር መግለጫ ተብሎ የታወቀውን ጽሑፍ አጽድቋል፤ ደብዳቤው የተጻፈው ኖቬምበር 2 ነው። እዚህ አገር ንግግር የሚያደርጉ ባለሥልጣናት ሁለቱን ማያያዝ ይወዳሉ። እውነቱን ለመናገር የግጥምጥሞሽ ነገር ነው፤ ከውኃ ጥም በቀር ሌላ ማሰብ የማይችል ወታደር ስለ ካቢኔው ስብሰባ የሚያውቀው አልነበረም።

የውኃው ነገር ደግሞ ከድሉ በኋላም አላበቃም፤ ይህ በንግግር የማይነሣ ሌላ ክፍል ነው። ጉድጓዶቹ በአብዛኛው ሳይፈነዱ ቢያዙም፣ ውኃው የሚቀዳው ቀስ ብሎ ነበርና ለዚያ ሁሉ ፈረስ አልበቃም። ከጥቂት ቀን በፊት ዘንቦ በወንዙ ውስጥ ያቆረ ውኃ መገኘቱ እግዚአብሔር የሰጠው እርዳታ ነበር፤ ወዲያው ግን ካምሲን የሚባለው ትኩስ የበረሃ ነፋስ ተነሥቶ ኩሬዎቹን አደረቃቸው። ከከተማይቱ በስተሰሜን በኹዌይልፌ ኮረብቶች ለቀናት ውጊያ ሲካሄድ፣ ጦር ክፍሎች ፈረሶቻቸውን ለማጠጣት ብቻ ወደ ኋላ ይላኩ ነበር። ጋዛ የተለቀቀችው ኖቬምበር 7 ነው፤ ኢየሩሳሌም ዲሴምበር 9 እጇን ሰጠች።

መቃብሩ በከተማው ውስጥ በመሆኑ በእግር ይደረስበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ 1,241 ሰዎች አሉበት፤ ሁሉም የዚያ ቀን ሙታን አይደሉም፤ ከአካባቢው ሜዳ ተሰብስበው የመጡ ብዙ ናቸው። ድንጋዮቹ አንድ ዓይነት ቁመትና ቅርጽ አላቸው፤ የአውስትራሊያው የፀሐይ መውጫ ምልክት፣ የኒው ዚላንዱ የፈርን ቅጠል አለው። ቀረብ ብሎ ለሚያነብ አንድ ልዩነት ይታያል። በብዙ የአውስትራሊያውያን ድንጋዮች ሥር ቤተሰብ የመረጠው አጭር ቃል ተቀርጿል፤ በኒው ዚላንዶቹ ላይ ግን ይህ የለም። የኒው ዚላንድ መንግሥት በሙታኑ መካከል ልዩነት እንዳይኖር ብሎ የቤተሰብን ጽሑፍ ስላልፈቀደ ነው። ሐሳቡ የሚከበር ቢሆንም እኔ ግን የእናትየውን ቃል ማንበብ እመርጣለሁ።

በዚሁ በ4ኛው ብርጌድ ውስጥ የነበረው 11ኛው ሬጅመንት ከኩዊንስላንድ የመጡ የአገሬው ተወላጅ፣ አቦርጂናል፣ ወታደሮች ነበሩት። በፈረስ አያያዝ ከከብት ጠባቂነት የመጣ ችሎታ ነበራቸው፤ በአገራቸው ግን መብታቸው እኩል አልነበረም። ሬጅመንታቸው በቤርሳቤህ ግልቢያ መጀመሪያ ላይ አልተሰለፈም፤ ስማቸው የተያያዘው ከሌላ ስፍራ ጋር ነው፤ እርሱን እመለስበታለሁ።

«የመጨረሻው ግልቢያ» የሚለው ነገር ለመፍረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከስምንት ቀን በኋላ ኖቬምበር 8 ቀን 1917 ሁጅ በተባለ ስፍራ እንግሊዛውያን ፈረሰኞች ጎራዴ መዝዘው መድፍ ላይ ጋልበዋል። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1918 የጆድፑርና የማይሶር ሕንዳውያን ጦረኞች ሃይፋን የያዙት በግልቢያ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ጃንዋሪ 21 ቀን 1941 ኤርትራ ውስጥ ኬሩ አጠገብ የሆነው ነው፤ አማዴዎ ጉዬ በተባለ ጣሊያናዊ መኮንን የሚመራ፣ በስሙ የአማራ ባንዳ ፈረሰኛ ተብሎ የሚጠራ ጦር፣ ወደ አስመራ በሚገሠግሠው የእንግሊዝ ኃይል ላይ ጋልቦበታል። በዚያ ጦር ውስጥ ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የመናውያን ነበሩ። በማን ወገን እንደቆሙ ስናስብ ለኩራት የሚሆን ታሪክ ላይሆን ይችላል፤ ከቤርሳቤህ 23 ዓመት በኋላ መሆኑ ግን አይካድም።

ስለ ፈረሶቹ የሚጠየቅ ስለማይጠፋ፣ ከአውስትራሊያ በዚያ ጦርነት ጊዜ ወደ ውጭ ከተጫኑት ከ130,000 በላይ ፈረሶች ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ሳንዲ፣ ጋሊፖሊ ላይ ቆስለው የሞቱት የጄኔራል ብሪጅስ ፈረስ ነበር። ሌሎቹን የእንስሳት በሽታ ቁጥጥርና የመርከብ ወጪ አገዳቸው። በመካከለኛው ምሥራቅ ካሉት ያረጁት በጥይት ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ግን ለእንግሊዝና ለሕንድ ጦር ተላለፉ። ባለቤቶቻቸው ሁሉ በገዛ እጃቸው ገደሏቸው የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው።

ከቤርሳቤህ በኋላ የግራንት ብርጌድ ያለበት የአውስትራሊያ ባለፈረስ ክፍለ ጦር ጎራዴ እንዲሰጠው ተደረገ፤ በ1918 ታጠቀም። ሰዎቹ በዚያ ዓመት የእውነት ፈረሰኛ ሆኑ። በጄኔራል ኤድዋርድ ቼይተር የሚመራው፣ ቴል ኤል ሳባን የያዘው አንዛክ የተባለው የአውስትራሊያውያንና የኒው ዚላንዳውያን ክፍለ ጦር ግን ጎራዴ ሳይታጠቅ ጦርነቱን ጨረሰ። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ቀን ተፈተኑ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1918 ሊነጋጋ ሲል፣ 11ኛው ሬጅመንት ከእነ አቦርጂናል ወታደሮቹ በገሊላ ባሕር ዳር በሚገኘው በሰማኽ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ጀርመኖች በያዟቸው መትረየሶች ፊት ጎራዴ መዝዞ ጋለበ፤ ጣቢያው ክፍል በክፍል ውጊያ ተይዞ፣ በ2019 ስፍራው ላይ የአቦርጂናል ጋላቢ ሐውልት ቆሞበታል። በዚያኑ ዕለት ከዮርዳኖስ ማዶ የቼይተር ሰዎች አማንን ሲይዙ፣ የኒው ዚላንድ ወታደሮች ከፈረሳቸው ወርደው፣ ፈረሶቹን ለያዦቹ አስረክበው፣ ሳንጃ በተሰካበት ጠመንጃቸው የጥንቱን አምባ በእግራቸው ወጡት።